የደረት ሕመሙና የቧንቧው ጥበት፦ የአንጃይና ምርምር የለያቸው ሁለት ጥያቄዎች

የተከበራችሁ አድማጮች፣

የዛሬው ንግግሬ የልብ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ሲጠቡ ስለሚመጣው፣ ሐኪሞች አንጃይና ስለሚሉት የደረት ሕመም ነው። ሕመሙ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚታከም የክሊኒክ ምርምር ምን እንዳሳየን ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ሁለት ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል፦ «ይህ ሕመም ይለቀኛል ወይ?» እና «ይህ ነገር ይገድለኛል ወይ?»። ሕክምናው ራሱ ለረጅም ዘመን ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ ሲቆጥራቸው ኖሯል፤ ጥበቱን የከፈተ ሐኪም ሕመሙንም ሞቱንም በአንድ ጊዜ ያስቀረ ይመስለው ነበር። ላለፉት ሃያ ዓመታት ያህል የተካሄዱት ታላላቅ ሙከራዎች ካመጡልን ነገር ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይተው ለየራሳቸው መልስ መስጠታቸውን ነው።

ወሰኑን አስቀድሜ ላስምር። የምናገረው ስለ ተረጋጋ አንጃይና ነው፤ ማለትም በተመሳሳይ ልፋት የሚቀሰቀስ፣ ሲያርፉ የሚለቅ፣ ለሳምንታትና ለወራት ባሕርዩን ያልለወጠ ሕመም። አርፈው ሳሉ የሚጀምር፣ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚቆይ፣ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ እየተደጋገመና እየባሰ የሚሄድ የደረት ሕመም ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ የረጋ ደም ቧንቧውን እየዘጋው ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧውን በፍጥነት መክፈትም ነፍስ ያድናል። ከዚህ በኋላ ከምናገረው አንዲት ቃል እንኳ ማንንም ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመሄድ እንዳታዘገይ አደራ እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልብ ጡንቻ በአንድ ነገር ከሌሎች የሰውነት ጡንቻዎች ይለያል። አርፈን በተቀመጥንበት ጊዜ እንኳ በሚደርሰው ደም ውስጥ ካለው ኦክስጅን 70 በመቶ ያህሉን ወስዶ ይጠቀማል። ስለዚህ ሥራ ሲበዛበት ከዚያው ደም ብዙ ተጨማሪ ኦክስጅን ሊወስድ አይችልም፤ ያለው አማራጭ የሚደርሰው ደም እንዲበዛለት ማድረግ ነው። ጤነኛ የልብ ቧንቧዎች ይህን ፍሰት በዕረፍት ጊዜ ከነበረው አራት፣ አንዳንዴም አምስት እጥፍ ሊያደርሱት ይችላሉ። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስብ፣ የተቆጡ ሕዋሳትና ካልሲየም ተከማችተው መተላለፊያውን ሲያጠቡት ግን ይህ ተጨማሪ ዐቅም ይሟጠጣል። ጥበቱ ከግማሽ በላይ ደርሶም በዕረፍት ላይ ምንም ላይሰማ ይችላል፤ ዳገት ሲወጡ፣ ሲቸኩሉ፣ ሲቆጡ ወይም በብርድ ሲራመዱ ግን ልብ የሚያስፈልገውን ያህል ደም አያገኝም፣ ሕመሙም ይነሳል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ይህን ሕመም በ1768 ለንደን ውስጥ ለሐኪሞች ኮሌጅ ባሰማው፣ በ1772 በታተመው ጽሑፉ ገልጾታል። ሕመምተኞቹ ሲራመዱ፣ ይልቁንም ዳገት ሲወጡና ምግብ እንደበሉ ሲሄዱ፣ ደረታቸውን የሚያንቅ ስሜት እንደሚይዛቸው፣ ቆም ሲሉ ደግሞ ወዲያው እንደሚለቃቸው ጻፈ። የልብ ቧንቧ በዚህ ውስጥ እጁ እንዳለበት አላወቀም ነበር። ሆኖም ከታማሚዎቹ አፍ የሰማውን አጥርቶ ስለመዘገበ ገለጻው ከ250 ዓመት በኋላም አላረጀም።

ምርመራው ዛሬም የሚጀምረው በማዳመጥ ነው። በ1979 ዳይመንድና ፎሬስተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ባወጡት ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለዐሥርት ዓመታት የተሠራበት ዘዴ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ሕመሙ ከደረት አጥንት በስተኋላ የሚጫን ነው ወይ? በልፋት ወይም በስሜት ይቀሰቀሳል ወይ? በዕረፍት ወይም ከምላስ ሥር በሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል ወይ? ሦስቱም ከተሟሉ ሕመሙ ዓይነተኛ አንጃይና ይባላል፤ ከዚያ የታማሚው ዕድሜና ጾታ ተጨምሮ ቧንቧው የጠበበ የመሆኑ ዕድል ይገመታል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ከታማሚው ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ደረትህን ያምሃል ወይ?» ሲባል «የለም፣ አያመኝም» ብሎ ይመልሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን «ደረጃ ስወጣ ይጫነኛል»፣ «ያፍነኛል»፣ «መንጋጋዬን ይይዘኛል» ይላል። ሲናገርም እጁን ጨብጦ ደረቱ መሐል ላይ ያሳርፋል። በአንድ ጣት ጫፍ ጠባብ ቦታ ነክቶ «እዚህ ጋ ይወጋኛል» የሚለው ሰው ሕመም ከልብ ቧንቧ የመምጣቱ ዕድል ያነሰ ነው። ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ሕመሙን ትተው የትንፋሽ ማጠርን ወይም ድካምን ብቻ ይዘው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህን «ዓይነተኛ አይደለም» በሚል መዝገብ ሥር አስገብቶ ማለፍ ብዙ ሰዎችን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

ከማዳመጥ በኋላ ምርመራ ይመጣል። ታማሚውን በመሮጫ ማሽን ላይ እያስኬዱ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ማንሳት የቆየው ዘዴ ነው፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን የታመመውን ጤነኛ፣ ጤነኛውን የታመመ የሚያስመስልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ልብን በልፋት ላይ እያሉ በአልትራሳውንድ፣ በኤምአርአይ ወይም በኑክሌር ምስል ማየት የተሻለ ያሳያል። ቧንቧውን ራሱን ማየት የተቻለው ግን በ1958 ክሊቭላንድ ውስጥ በአጋጣሚ ነው። ሜሰን ሶንስ የአንድ ወጣት ታማሚን የልብ በር ለመመርመር በራጅ የሚታየውን ቀለም ወደ ትልቁ ደም ቅዳ ሊረጭ ሲል፣ የካቴተሩ፣ ማለትም በደም ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ጫፍ ተንሸራቶ ወደ ቀኙ የልብ ቧንቧ ገባና ቀለሙ በቀጥታ እዚያ ተረጨ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ልብን ያቆማል ተብሎ ይታመን ነበር። በእርግጥም ልቡ ለጥቂት ሰከንዶች ቆመ፤ ታማሚው እንዲያስል ተደርጎ ሲያስል መምታቱን ቀጠለ። ኮሮናሪ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም የልብ ቧንቧዎችን ቀለም ረጭቶ በራጅ ማየት፣ የተወለደው ከዚያ አጋጣሚ ነው።

ይሁንና ካቴተር ማስገባት ለእያንዳንዱ የደረት ሕመም የሚገባ ምርመራ አይደለም። በ2010 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ቀድሞ የልብ ቧንቧ ሕመም እንዳለባቸው ያልታወቀና በቀጠሮ አንጂዮግራፊ የተደረገላቸውን 398,978 ሰዎች ተመልክቶ፣ ደም የሚያግድ ጥበት የተገኘባቸው 37.6 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ለካቴተር የሚመረጡትን ሰዎች ማጣራት እንደሚገባ ነው፤ ሁለተኛው፣ በወቅቱ ብዙም ትኩረት ያላገኘው፣ «ጥበት የለብህም» ተብለው ወደ ቤታቸው የተመለሱት እጅግ ብዙ ሰዎች ሕመማቸው ከየት እንደመጣ ሳይነገራቸው መቅረታቸው ነው። ወደ እነዚህ ሰዎች መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

የማጣሪያውን ሥራ ዛሬ በብዙ ቦታ የያዘው የልብ ቧንቧ ሲቲ ስካን ነው። በሰሜን አሜሪካ 10,003 ሰዎችን ያሳተፈውና በ2015 ውጤቱ የወጣው ፕሮሚስ የተባለው ሙከራ፣ በሲቲ መጀመርና በልፋት ምርመራ መጀመር በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በታማሚዎቹ ዕጣ ላይ ልዩነት እንደማያመጡ አገኘ። በስኮትላንድ 4,146 ሰዎች የተካፈሉበት ስኮት-ሃርት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከተለመደው ምርመራ በተጨማሪ ሲቲ የተነሱት ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ በልብ ቧንቧ ሕመም የሞቱት ወይም ሃርት አታክ የደረሰባቸው 2.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ሲቲ ባልተነሱት ወገን ግን 3.9 በመቶ ሆኑ። በ2025 የወጣው የዐሥር ዓመት ክትትልም ልዩነቱ 6.6 በመቶ ለ8.2 በመቶ ሆኖ እንደቀጠለ አሳይቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ምክንያቱን ብንመረምር መልካም ነው። ሲቲ ስካን ምስል እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ማንንም አያድንም። በአምስት ዓመቱ መጨረሻ ስቴንት (የተከፈተውን ቧንቧ ደግፎ የሚይዝ መሣሪያ) የገባላቸውና ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። የተለየው ኮሌስትሮልን የሚቀንሰውን ስታቲንንና አስፒሪንን የመሰሉ መከላከያ መድኃኒቶች የጀመሩት ሰዎች ብዛት ነው። ሲቲው ቧንቧውን ያላጠበበውን፣ በልፋት ምርመራ ፈጽሞ የማይታየውን በግድግዳው ውስጥ ያለ የስብ ክምችት ያሳያል፤ ያን ያየ ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፣ ያን ያየ ታማሚም መድኃኒቱን ይውጣል። «ይገድለኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያሻሻለው በዋነኛነት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ሕክምናው ልለፍ። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀውን የአንጃይና ሕክምና ታሪክ ያነበበ ሰው፣ ታማሚው «ተሻለኝ» ማለቱ ብቻ የሕክምናውን ጥቅም እንደማያረጋግጥ ደጋግሞ ይማራል። በ1950ዎቹ በደረት ግድግዳ ውስጠኛ ክፍል የሚያልፈውን ደም ቅዳ ቧንቧ መቋጠር ወደ ልብ የሚሄደውን ደም ይጨምራል ተብሎ በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ እንደተሻላቸው ይናገሩ ነበር። በ1959 ሊዮናርድ ኮብና ባልደረቦቹ 17 ታማሚዎችን ወስደው፣ ለአንዳንዶቹ ቧንቧውን ሲቋጥሩ ለሌሎቹ ቆዳውን ብቻ ቀደው ሰፉት፤ ታማሚዎቹ የትኛው እንደተደረገላቸው አላወቁም። ሁለቱም ወገኖች በተመሳሳይ መጠን ተሻላቸው። ቀዶ ሕክምናው ብዙም ሳይቆይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሕክምናዎች ደምን በእውነት የሚያደርሱ ናቸው። ሬኔ ፋቫሎሮ በ1967 ከእግር በተወሰደ ደም መልስ ጥበቱን ዞሮ የሚያልፍ ባይፓስ ሠራ፤ አንድሪያስ ግሩንትዚግ በ1977 ዙሪክ ውስጥ የጠበበውን ቧንቧ በትንሽ ፊኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተ፤ በ1986 ደግሞ የተከፈተውን ቧንቧ ደግፎ የሚይዘው ስቴንት መጣ። ምስሉን ያየ ሁሉ ይማረክ ነበር። ከስቴንቱ በፊት እንደ ክር የቀጠነው መስመር ከደቂቃዎች በኋላ ሰፍቶ ሲታይ፣ ታማሚው ከአደጋ አመለጠ ብሎ አለማመን ከባድ ነው።

ሙከራዎቹ ግን ይህን እምነት አልደገፉም። በአሜሪካና በካናዳ 2,287 ታማሚዎች የተካፈሉበትና በ2007 የታተመው ከሬጅ የተባለው ሙከራ፣ በጥሩ መድኃኒት ላይ ስቴንት ተጨመረም አልተጨመረ ሞትና ሃርት አታክ በሁለቱም ወገን እኩል መሆናቸውን አሳየ። ተቺዎች ጥናቱ ሕመማቸው የከበደውን ሰዎች አላሳተፈም አሉ። ለዚህ ምላሽ የሆነው በ37 አገሮች 5,179 ሰዎችን ያሳተፈውና በ2020 የወጣው ኢስኪሚያ ነው። ተሳታፊዎቹ በምርመራ ወደ ልብ ጡንቻቸው በሚደርሰው ደም ላይ መካከለኛ ወይም ከባድ እጥረት የታየባቸው ነበሩ፤ ግማሾቹ ወዲያውኑ አንጂዮግራፊ ተደርጎላቸው ስቴንት ወይም ባይፓስ ሲያገኙ፣ ግማሾቹ በመድኃኒት እንዲጀምሩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በላይ በዘለቀው ክትትል ቧንቧ መክፈቱ ሞትንና ሃርት አታክን አልቀነሰም። ይህ መልስ የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ፤ የግራው ዋና የልብ ቧንቧ የጠበበባቸው፣ ልባቸው በጣም የደከመ ወይም ሕመማቸው በመድኃኒት ፈጽሞ ያልተገታ ሰዎች በዚያ ጥናት ውስጥ አልገቡም፣ ለእነርሱ ውሳኔው ሌላ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የልብ ቧንቧን እንደ ውሃ ቧንቧ ማሰባችን አሳስቶናል። የውሃ ቧንቧ የሚበላሸው በጠበበበት ቦታ ነው፤ ሃርት አታክ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቧንቧውን እምብዛም ባላጠበበ፣ ነገር ግን ሽፋኑ በሳሳና በተቆጣ የስብ ክምችት ላይ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ደም በላዩ ይረጋል፣ ትናንት ክፍት የነበረው ቧንቧ ዛሬ ይዘጋል። ስቴንት አንድን ቦታ ያክማል፤ በሽታው ግን በቧንቧው ርዝመት ሁሉ የተዘረጋ ነው። መላውን ቧንቧ የሚደርሰው ኮሌስትሮልን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ሲጋራ ማቆም፣ የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር ነው። በ1994 በስካንዲኔቪያ በ4,444 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ሲምቫስታቲን የተባለው መድኃኒት የሞትን አደጋ በ30 በመቶ እንደሚቀንስ ማሳየቱን ላስታውስ። ይህን ያህል ሞትን የቀነሰ ስቴንት ለተረጋጋ አንጃይና እስካሁን አልታየም።

እንግዲያስ ስቴንት ለሕመሙ ይጠቅማል ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ኦርቢታ የተባሉት ሁለት የብሪታንያ ሙከራዎች የመለሱበትን መንገድ በዝርዝር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ በጣም የማከብራቸው ናቸው። በ2017 በወጣው የመጀመሪያው ሙከራ አንድ ቧንቧቸው 70 በመቶና ከዚያ በላይ የጠበበ 200 ሰዎች በዕጣ ተደለደሉ። ከዚያ በፊት ስድስት ሳምንት መድኃኒታቸው እስከሚቻለው ድረስ ተስተካክሏል። በሕክምናው ዕለት ሁሉም ካቴተር ገባላቸው፤ በጆሯቸው ሙዚቃ የሚያሰማ ማዳመጫ ተደረገላቸው፤ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከዚያ ዕጣው ለግማሾቹ ስቴንት ሲያወጣ፣ ለቀሩት ምንም ሳይደረግ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ ቆይተው እንዲወጡ ሆነ። በኋላ የሚከታተሏቸው ሐኪሞችም ማን ስቴንት እንዳገኘ አያውቁም ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ በመሮጫ ማሽን ላይ የሚቆዩበት ጊዜ በስቴንቱ ወገን ከማስመሰያው ወገን በ16.6 ሰከንድ በለጠ፤ ይህ በስታቲስቲክስ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም።

ብዙ ሐኪሞች ተቆጡ። ቁጣው ግን ጥሩ ጥያቄ ወለደ፦ ታማሚዎቹ ያን ሁሉ መድኃኒት እየወሰዱ ስቴንቱ የሚጨምረው ነገር ምን ሊቀረው ይችል ነበር? በ2023 የወጣው ሁለተኛው ኦርቢታ ይህን መረመረ። 301 ሰዎች የአንጃይና መድኃኒታቸውን አቁመው በየቀኑ የሚሰማቸውን ሕመም በስልካቸው እየመዘገቡ ገቡ፤ አስፒሪኑና ስታቲኑ ግን አልተቋረጡም። ከ12 ሳምንት በኋላ ስቴንት ካገኙት 40 በመቶው፣ የማስመሰያውን ሕክምና ካገኙት ደግሞ 15 በመቶው ከሕመሙ ነጻ ሆኑ፤ በመሮጫ ማሽኑም ላይ ልዩነቱ ወደ አንድ ደቂቃ ተጠጋ። ስለዚህ ስቴንት ሕመምን በእውነት ይቀንሳል። ከአሥር ሰዎች ስድስቱ ግን ቧንቧቸው ተከፍቶላቸውም ሕመሙ አልለቀቃቸውም። ይህን ለታማሚው ከሕክምናው በፊት የሚነግር ሐኪም ሐቀኛ ሐኪም ነው።

ኢስኪሚያም በሕመም ረገድ ተመሳሳይ መልስ ሰጥቷል። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ያማቸው ከነበሩት ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሕመም ነጻ የሆኑት ቧንቧቸው በተከፈተላቸው ወገን ግማሾቹ፣ በመድኃኒት በጀመሩት ወገን ደግሞ 20 በመቶው ነበሩ። ከመጀመሪያውም ምንም ሕመም ያልነበራቸው ግን፣ እነርሱም ከተሳታፊዎቹ ከሦስት አንድ በላይ ናቸው፣ የሚታወቅ ጥቅም አላገኙም። ሕመም የሌለውን ሰው «ምስሉ ያስፈራል» ብሎ ስቴንት ማስገባት ከነዚህ ውጤቶች በኋላ ለመከላከል የሚከብድ ውሳኔ ነው።

ሕመሙን በመድኃኒት ማስታገስም ይቻላል። ናይትሮግሊሰሪን ከ1879 ጀምሮ ይታወቃል፤ ደም መልሶችን አስፍቶ የልብን ሸክም ያቀልላል። ቤታ ብሎከር የልብን ምት ያዘገያል፣ የሚያስፈልገውንም ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ለሆነው ለፕሮፕራኖሎል ፈጠራው ጄምስ ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆኗል። ካልሲየምን የሚያግዱ መድኃኒቶች ቧንቧን ያላላሉ። ናይትሬት የሚወስድ ወንድ ለወሲብ ድክመት የሚታዘዘውን ሲልደናፊልን ከዚያ ጋር ፈጽሞ መደረብ እንደሌለበት ግን በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ የደም ግፊት እስከ ሞት በሚያደርስ መጠን ሊወርድ ይችላል። በሐፍረት የተነሳ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፣ መጠየቅ ያለበትም ሐኪሙ ነው።

አሁን «ጥበት የለብህም» ወደተባሉት ሰዎች ልመለስ፤ ከእነርሱም መካከል ሴቶች ይበዛሉ። አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ትላልቆቹን ቧንቧዎች ነው። ከእነርሱ በታች ያሉት፣ በዓይን የማይታዩትና የደሙን ፍሰት የሚወስኑት ጥቃቅን ቧንቧዎች በሚገባ ላይከፈቱ ይችላሉ፤ ትላልቆቹም ቢሆኑ በድንገት ተኮማትረው መልሰው ሊላቀቁ ይችላሉ። በስኮትላንድ ተካሂዶ በ2018 የታተመው ኮርሚካ የተባለው ሙከራ፣ አንጃይና ኖሯቸው የሚያግድ ጥበት ያልተገኘባቸውን 151 ሰዎች ወሰደ። ለሁሉም በዚያው ካቴተር ጥቃቅን ቧንቧዎቹ ለደም ፍሰት የሚያሳዩት ተቃውሞ ተለካ፣ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ተሰጥቶም ቧንቧዎቹ ይኮማተሩ እንደሆነ ታየ፤ ውጤቱ ግን ለግማሾቹ ሐኪሞች ብቻ ተነገረ። ሕመማቸው ከልብ ያልሆነው ከዘጠኝ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ የተነገራቸው ሐኪሞች ለጥቃቅን ቧንቧ ሕመም ቤታ ብሎከር፣ ለመኮማተር ካልሲየም አጋጅ እያሉ ለይተው አዘዙ፤ ከስድስት ወር በኋላ የእነዚህ ታማሚዎች ሕመምና የዕለት ኑሮ ከሌሎቹ በግልጽ ተሻለ። በሁለቱም ወገን የነበሩት መድኃኒቶች በየፋርማሲው የሚገኙ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሕመሙን ዓይነት ማወቅ ነው።

ጥናቱ ትንሽ ስለነበረ ስለ ሞትና ስለ ሃርት አታክ ሊናገር የሚችለው ነገር የለም፤ ለዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችና የብዙ ዓመታት ክትትል ያስፈልጋል። እስከዚያው ግን የአንጂዮግራፊ ውጤት ላይ «የሚያግድ ጥበት አልታየም» ብሎ የጻፈ ሐኪም፣ ታማሚው ዳገት ሲወጣ አሁንም ደረቱን የሚጫነው ከሆነ፣ ከመዝገቡ ሥር «የጥቃቅን ቧንቧዎች ምርመራ ይደረግለት» የሚል አንድ መስመር ሊጨምር ይገባዋል።